ፋይሉ አለ፣ ሲፈለግ ግን አይገኝም፦ የቢሮ ሰነድ ማውጫ አሠራር ደረጃ በደረጃ

«ሰነዱን ሁሉ ስካን አድርገን ሼርድ ፎልደር ውስጥ አስገብተናል። ሠራተኛው ግን አሁንም እየደወለ ይጠይቃል። ምን እናድርግ?» ይህን ጥያቄ ከመዝገብ ቤት፣ ከሰው ሀብት ክፍል፣ ከትንንሽ ቤተ መጻሕፍትና የቴሌግራም ቻናል ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሱን አንድ ቦታ አሰናድቼ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሰነድ የሚጠፋው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ያስቀመጠው ሰው በአንድ ቃል ሰይሞታል፤ ፈላጊው በሌላ ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚያስቡት ነገር ግን ለየቅል ነው። «ፈቃድ» ብሎ የሚጽፈው አንዱ ዕረፍት ሊወጣ ነው፣ ሌላው የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ ኮፒ ለባንክ ሊወስድ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱንም ይፈታል። ምሳሌዎቹ የቢሮ ናቸው፤ ለቤተ መጻሕፍትም ለቻናልም በዚያው መንገድ ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ሺት። ኤክሴልም ይሁን ጎግል ሺት።
- ስልክ የሚያነሳውና ጠረጴዛ ላይ የሚያስተናግደው ሰው የሚጽፍበት ደብተር።
- 15 የኤ4 ወረቀት። በአራት ስትቆርጡት 60 ካርድ ይወጣዋል።
- ከተለያየ ክፍል 5 ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ሾፌር ወይም ጥበቃ ይኑርበት። ማውጫው ለእነሱም ነው።
- የሰነዶቹ ሙሉ ቅጂ፣ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጂው ሳይያዝ አንድም ፋይል እንዳትነኩ። ስም መቀየርና ፎልደር ማዛወር ስትጀምሩ በስህተት የሚደመሰስ ነገር መኖሩ አይቀርም። በተለይ ሼርድ ፎልደር ላይ አንድ ሰው ያዛወረው ፋይል ለሁሉም ሰው ይዛወራል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ፣ የዲሲፕሊን ደብዳቤና የደመወዝ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት በሆነው ማውጫ ውስጥ አይገቡም። ፍለጋን ስታቀሉ ማየት የሌለበት ሰውም በቀላሉ ያገኛል። እነዚህን መጀመሪያ ለይታችሁ፣ የተቆለፈ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ሥራውን ጀምሩ።

1. ጥያቄውን ከሰው አፍ እንደወጣ ጻፉ

ለሁለት ሳምንት ማንም ሰው ሰነድ ሲጠይቅ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ምን ብሎ ጠየቀ፣ በመጨረሻ የወሰደው ሰነድ የትኛው ነው፣ ምን ሊያደርግበት ነው።

ቃሉን እንዳታርሙት። ሰውየው «ያ ሲክ ሊቭ ምናምን የሚሞላው ወረቀት» ካለ እንደዚያው ይጻፍ። «የሕመም ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ» ብላችሁ ስታስተካክሉት የምትፈልጉት መረጃ ጠፋ። ነገ ሌላው ሰው ፍለጋው ላይ የሚጽፈው «ሲክ ሊቭ» ብሎ ነውና።

የቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ሁለት ሳምንት ሳትጠብቁም ብዙ ታገኛላችሁ። ግሩፑ ውስጥ «የት ነው»፣ «ላኩልኝ»፣ «ማን ጋ አለ» ብላችሁ ፈልጉ። ያለፈው ዓመት ጥያቄ በሰዎቹ ቃል ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

2. ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ጉዳይ ለዩ

አሁን ዝርዝሩን አንብቡና በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ሰውየው ለምን እንደፈለገው ምልክት አድርጉ። አራት ዓይነት ይበቃል፦ ማወቅ፣ መፈጸም፣ ማስረጃ፣ የታወቀ ሰነድ።

«የወሊድ ፈቃድ» የሚለውን እንውሰድ። አራት ሰው ይህንኑ ቃል ሊጠይቃችሁ ይችላል። ነፍሰ ጡሯ ስንት ቀን እንደሚሰጣት ማወቅ ትፈልጋለች። ባልደረባዋ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ የምትሞላውን ቅጽ ትፈልጋለች። የሰው ሀብት ኃላፊው ደብዳቤ እየጻፈ ነው፤ የሚጠቅሰውን የሕግ ድንጋጌ ይፈልጋል። ሒሳብ ክፍል ደግሞ ባለፈው ወር ለአንዲት ሠራተኛ የተጻፈውን ደብዳቤ ቁጥሩን እየጠራ ይጠይቃል።

ለአራቱም አንድ ፒዲኤፍ ብትሰጡ ሦስቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ለመጀመሪያዋ የሚበቃት አንድ መስመር ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 120 ቀን፣ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። እሷን ሙሉ አዋጅ አንብቢ ማለት ተገቢ አይደለም። ለሁለተኛዋ ቅጹ ከላይ መቀመጥ አለበት። ለሦስተኛው አዋጁ ራሱ፣ ለአራተኛው የደብዳቤ ቁጥርና ቀን።

ምልክት አድርጋችሁ ስትጨርሱ ቁጠሩ። እኔ ባየኋቸው ቢሮዎች «መፈጸም» ይበዛል፤ ሰው ቅጽ ሞልቶ ሊሄድ ነው የሚመጣው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ቅጾቹ ከሕጎቹ በላይ ይቀመጡ። ብዙ ቢሮ ግን አዋጅና መመሪያውን አንደኛ፣ ቅጹን መጨረሻ ያደርጋል። ያ ለሰነዱ ክብር የሚሰጥ አደራደር ነው፤ ፈላጊውን ግን ያደክመዋል።

3. ብዙ ትርጉም የተሸከሙትን ቃላት ነጥላችሁ አውጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የቀረው ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ቃላት አውጡ። በእያንዳንዱ ፊት «ይህን ያለ ሰው ምን ምን ፈልጎ ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጻፉ። የትም ቢሮ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው፦

- ፈቃድ፦ ከሥራ የሚወጣበት (የዓመት፣ የሕመም፣ የወሊድ)፣ የንግድ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የአለቃ ይሁንታ።
- አበል፦ ለመስክ የሚከፈል ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የጡረታ አበል።
- መልቀቂያ፦ ሠራተኛው ሥራ ሊለቅ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ መሥሪያ ቤቱ ለለቀቀው ሰው የሚሰጠው ወረቀት።
- መዝገብ፦ የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሒሳብ መዝገብ።
- ሒሳብ፦ የባንክ ሒሳብ፣ የዓመቱ የሒሳብ መግለጫ፣ ሒሳብ ክፍሉ ራሱ።
- ቅጽ፦ የሚሞላ ወረቀት፣ የመጽሔት ወይም የመጽሐፍ ቅጽ 1፣ ቅጽ 2።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ተግባራዊ አድርጉ።

ሀ. እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን የፎልደር ስም አይሁን። «ፈቃድ» የሚል ፎልደር ከከፈታችሁ ሰው ሁሉ የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣና ይጥልበታል። ከጥቂት ወር በኋላ የዕረፍት ቅጽና የንግድ ፈቃድ አንድ ላይ ይገኛሉ።

ለ. ሁልጊዜ አጃቢ ቃል ስጡት። «የሠራተኛ ዕረፍትና ፈቃድ»፣ «የድርጅቱ ንግድ ፈቃድ»፣ «የመኪና መውጫ ፈቃድ»። አጃቢው ቃል ትርጉሙን የሚለየው መሆን አለበት። «ልዩ ልዩ ፈቃድ» ብትሉት ምንም አልለያችሁም።

ሐ. ባዶውን ቃል ለሚጽፍ ሰው መንገድ ጠቋሚ መስመር አዘጋጁ። ሺቱ ላይ አንድ መስመር ክፈቱና እንዲህ ጻፉ፦ «ፈቃድ፦ የትኛውን? ዕረፍት ለመውጣት ... ንግድ ፈቃድ ኮፒ ... የመኪና መውጫ ...»። እያንዳንዱን ወደየፎልደሩ አገናኙት። ፈላጊው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይጫናል፤ ግን በትክክል የፈለገው ጋ ይደርሳል። ለእሱ ገምታችሁ አንዱን ብቻ ብታሳዩት ሌላው መኖሩንም አያውቅም።

አንዱ ትርጉም በጣም የሚበዛ ከሆነ እሱን አንደኛ አድርጉት። በደረጃ 2 የቆጠራችሁት እዚህ ይጠቅማችኋል። የቀሩትን ግን እንዳታጠፏቸው፤ የንግድ ፈቃዱን የሚፈልገው ሰው በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሲመጣም ቸኩሎ ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ ብዙ ቃል አንድ ነገር ሲሆን። ውሎ አበል፣ ፐርዲየም፣ የቀን አበል። የሕመም ፈቃድ፣ ሲክ ሊቭ፣ የሐኪም ፈቃድ። የሥራ ልምድ፣ ኤክስፒሪያንስ። ደመወዝ፣ ደሞዝ፣ ፔሮል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለርዕስ ምረጡና ሌሎቹን በሙሉ ደረጃ 6 ላይ በምታዩት የፍለጋ ቃል ዓምድ ውስጥ አስገቡ። የትኛው ይመረጥ? ሰዉ አብዝቶ የሚለው። የሕጉን ቃል ብቻ ካላስቀመጥን የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የሕጉ ቃል ሰነዱ ውስጥ አለ፤ በር ላይ የሚለጠፈው ግን የሚያስገባው ስም ይሁን።

4. ካርዶቹን ሰዎቹ ይደርድሩ

በጣም የሚፈለጉትን 60 ሰነዶች በካርዶቹ ላይ አንድ አንድ ጻፉ። አምስቱን ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡና «አንድ ላይ መሆን አለባቸው የምትሉትን አንድ ላይ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ክምር ስም ስጡት» በሏቸው። እናንተ ዝም በሉ። ሐሳብ ካቀበላችሁ የእናንተን አደራደር ነው መልሰው የሚሰጧችሁ።

ሲደረድሩ የሚከራከሩበትን ካርድ ለብቻው መዝግቡ። አንዱ «የመስክ መኪና መጠየቂያ»ን ከጉዞ ጋር፣ ሌላው ከንብረት ጋር ካደረገው ያ ሰነድ ከሁለቱም ቦታ መገኘት አለበት ማለት ነው። ፋይሉን ግን ሁለት ጊዜ አትቅዱት፤ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ያረጃል። አንድ ቦታ አስቀምጡና ከሌላው ቦታ ሊንክ አድርጉ።

5. ለፎልደርና ለፋይል ስም ስጡ

ክምሮቹ ፎልደር ይሆናሉ። ከላይ የሚታዩት ከስምንት ወይም ዘጠኝ ባይበልጡ ጥሩ ነው። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እንደገና ፎልደር ማድረግም ይቅር፤ ከሁለት ደረጃ በታች የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው።

የፋይል ስም ይህን ቅደም ተከተል ይያዝ፦ ምን ዓይነት ሰነድ፣ ስለ ምን፣ ቀን። ለምሳሌ «ቅጽ - የወሊድ ፈቃድ መጠየቂያ - 2016-03-12»። ዓይነቱ ከፊት የሆነው በደረጃ 2 የለያችሁት ጉዳይ በዓይን እንዲታይ ነው። ቅጽ ፈላጊው ቅጹን፣ አዋጅ ፈላጊው አዋጁን ሳይከፍት ያውቀዋል።

ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጉት፤ ወሩም በቁጥር ይሁን። በወር ስም ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ በፊደል ነው የሚደረድረው፤ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይመጣል።

ዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ስለዚህ «1156/2011» ብላችሁ መሰየም አትችሉም፤ «1156-2011» ይሆናል። ይህን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ያድርገው። አንዱ በሰረዝ፣ ሌላው በነጥብ፣ ሌላው በክፍት ቦታ ከጻፈው በቁጥር የሚፈልግ ሰው አያገኝም። «ት/ቤት»፣ «ጽ/ቤት»፣ «መ/ቤት» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ፋይል ስም ላይ ተዘርዝረው ይጻፉ።

6. ማውጫውን ሺቱ ላይ አዘጋጁ

ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ መስመር። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ርዕስ (ሰዉ በሚለው ቃል)
- ዓይነት (ቅጽ፣ መመሪያ፣ አዋጅ፣ ደብዳቤ)
- ጉዳይ (ማወቅ፣ መፈጸም፣ ማስረጃ፣ የታወቀ ሰነድ)
- አጭር መልስ (ለማወቅ ብቻ ለሚመጣው አንድ መስመር)
- ቀን በኢትዮጵያ፣ ቀን በአውሮፓ
- ሁኔታ (የሚሠራ፣ የተሻረ)
- የፍለጋ ቃል
- ሊንክ

«ሁኔታ» የሚለውን ዓምድ አደራ። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ከወሊድ በኋላ ይሰጥ የነበረው 60 ቀን፣ በድምሩ 90 ቀን ነው። 1156/2011 ይህን 120 አድርጎታል። ሁለቱም ፎልደሩ ውስጥ ካሉና አሮጌው በፍለጋ ቀድሞ ከወጣ አንዲት እናት 30 ቀን ልታጣ ትችላለች። የተሻረውን አትሰርዙት፤ ለድሮ ጉዳይ ይፈለጋል። ግን ርዕሱ ራሱ ላይ «የተሻረ» የሚል ይጻፍበት፣ ከሚሠሩት በታች ይውረድ።

«የፍለጋ ቃል» ዓምድ ውስጥ በደረጃ 1 የሰበሰባችሁትን የሰዎች ቃል ሁሉ አስገቡ። እዚህ ጋ የአማርኛን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ተራው ፍለጋ የጻፋችሁትን ፊደል በቅደም ተከተሉ ነው የሚፈልገው። ዓምዱ ላይ «ወሊድ» ብቻ ካለ «የወሊድ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። «የወሊድ» ከተጻፈ ግን «ወሊድ» ያለውም «የወሊድ» ያለውም ያገኛል። ስለዚህ ቃላቱን ከ«የ» ጋር ጻፏቸው።

ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ያስቸግራል። «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሠራተኞች» የሚለውን አያገኝም፣ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧልና። «ፈቃድ» እና «ፈቃዶች»ም እንደዚያው። ሁለቱንም ጻፉ። ለተጠቃሚውም አንድ ምክር ከሺቱ አናት ላይ አስቀምጡለት፦ «ካላገኙ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ትተው ይፈልጉ።» «ሠራተ» ብሎ የጻፈ ሁለቱንም ያገኛል።

7. የሞክሼ ፊደላትን ችግር ፍቱ

ሀ፣ ሐ እና ኀ ስናነባቸው አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን በዩኒኮድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በዚህ ላይ ሀ ከሃ፣ አ ከኣ ጋር በድምፅ አንድ ይሆናሉ።

ይህ ምን ያህል እንደሚያበዛ ተመልከቱ። «ፀሐይ» የሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል በ2፣ ሁለተኛው በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በድምሩ 12። «ኃይለ ሥላሴ» በ24፣ ገጥሞም ተለያይቶም ሲጻፍ በ48። የሠራተኛ ማኅደር በስም የሚፈልግ ሰው ከ48ቱ አንዱን ጽፎ «የለም» ይባላል። ማኅደሩ ግን አለ።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተስተካከለ ጽሑፍ አዘጋጁ። እንዲህ አድርጉ፦

- ርዕሱንና የፍለጋ ቃሉን አንድ ላይ የሚያመጣ አዲስ ዓምድ ክፈቱ።
- በዚያ ዓምድ ላይ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ሀ ይሁኑ፤ ሠ ሰ ይሁን፤ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አ ይሁኑ፤ ፀ ጸ ይሁን። ለቀሩት እርባታዎችም እንደዚያው፦ ሑ እና ኁ ወደ ሁ፣ ሥ ወደ ስ፣ ዕ ወደ እ፣ ፅ ወደ ጽ እያላችሁ ቀጥሉ። ሁሉም ሲቆጠሩ 37 ምትኮች ናቸው።
- በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታና ሰረዝ አውጡት። «ሕገ መንግሥት»፣ «ሕገ-መንግሥት» እና «ሕገመንግሥት» አንድ ይሆናሉ።
- ተጠቃሚው የሚጽፍበትን ሴል አዘጋጁና በእሱም ላይ ይኸው ምትክ ይሠራበት።

የመጨረሻው ነጥብ እንዳይዘነጋ። ማውጫውን አስተካክላችሁ ጥያቄውን ካላስተካከላችሁ ምንም አልተገናኘም። ሰው «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ዓምዱ ላይ ያለው «ጸሀይ» ነው። ምትኩ የሚሠራው በሁለቱም በኩል ሲሆን ነው። ኤክሴልም ጎግል ሺትም ላይ «ሰብስቲትዩት» (SUBSTITUTE) የሚባለው ፎርሙላ ይህን ይሠራል፤ አንዱን በሌላው ውስጥ እያስገቡ መደርደር ነው። ፎርሙላ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አይቲ ለሚሠራ ባልደረባ የፊደሎቹን ዝርዝር ስጡት፤ ከባድ ሥራ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ምትኩን ዋናው ርዕስ ወይም ሰነዱ ላይ እንዳትሠሩት። «ሠረቀ» ወጣ፣ ብቅ አለ ነው፤ «ሰረቀ» ሌላ ነው። የሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ መቀመጥ አለበት፤ ደብዳቤና ሰርተፊኬት ላይ የሚወጣው እሱ ነው። የተስተካከለው ዓምድ ተደብቆ ለፍለጋ ብቻ ያገልግል።

8. ዓመትን፣ ቦታንና ስምን አሻሚ ከመሆን አውጡ

ዓመት፦ «የ1987 ሕገ መንግሥት» ያለ ሰው የቱን ማለቱ ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አሁን ያለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው። በአውሮፓ ከሆነ በደርግ ዘመን የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ነው። አገሩ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ሰነዱ ሁለት። የአዋጆችም ነገር እንዲሁ ነው፤ 1156/2011 የተባለው አዋጅ በእንግሊዝኛው ቅጂ 1156/2019 ነው። ሁለት አዋጅ መስሏቸው ሁለት ፎልደር የከፈቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ስለዚህ ሁለቱንም ዓመት በሁለት ዓምድ ጻፉ፣ የፍለጋ ቃል ውስጥም ሁለቱንም አስገቡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7 ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ውጭ አገር ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ይህን ከሁሉም በላይ ልብ ይበሉት። እዚያ አንዱ ሰነድ በአንዱ አቆጣጠር፣ ቀጣዩ በሌላው ነው የሚጻፈው።

ኤክሴል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያን ቀን ስትጽፉለት የአውሮፓ ቀን መስሎት ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 2016-02-30 ብላችሁ ስትጽፉ ግን እንዲህ ያለ ቀን አያውቅምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች እንዲሁ። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ድርደራው ይበላሻል። መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ዓምዱን በሙሉ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

ቦታ፦ አዳማ ቅርንጫፍ የድሮ ሰነዱ ላይ ናዝሬት ነው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ ነበር። ሁለቱንም ስም የፍለጋ ቃል ውስጥ አስገቡ። ግን የድሮው ስም ራሱ ሌላ ትርጉም እንዳለው አስታውሱ። «ደብረ ዘይት» በዐቢይ ጾም እኩሌታ የሚውል በዓልም ነው። «ናዝሬት» እስራኤል ውስጥ ያለች ከተማም ናት፤ እዚያ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያ ትርጉሟ ይኸው ነው። የቦታ ስም ሲሆን «ከተማ» ወይም «ቅርንጫፍ» የሚል አጃቢ ስጡት።

ስም፦ በራስ ስም ደርድሩ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር» ከፊት አይግቡ፤ ከገቡ ሁሉም አቶ አንድ ላይ፣ ሁሉም ወ/ሮ አንድ ላይ ይደረደራል። ከውጭ የመጣ ወረቀት የአባት ወይም የአያት ስም አስቀድሞ ሊሆን ይችላልና ከመመዝገባችሁ በፊት ከባለቤቱ አጣሩ።

9. በማያውቀው ሰው ፈትኑት

ማውጫውን ያልሠራ ሰው ጥሩና 10 ሥራ ስጡት። ጥያቄው ውስጥ የሰነዱ ስም እንዳይኖር ተጠንቀቁ። «የአባትነት ፈቃድ ቅጽ ፈልግ» ካላችሁት ቃሉን ሰጣችሁት፣ ፈተናው ዋጋ የለውም። «ሚስትህ ትናንት ማታ ወልዳለች፤ ከሥራ መቅረት ፈልገሃል፤ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። «ሚስቴ ወለደች» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አዋጁ ለአባት 3 ቀን ይሰጣል፤ ይህ ሰው ግን «አባትነት» የሚለውን ቃል በሕይወቱ ተጠቅሞበት ላያውቅ ይችላል። የጻፈውን ቃል ወስዳችሁ የፍለጋ ቃል ውስጥ አስገቡት።

ሲፈልግ አታግዙት። የት እንደቆመ፣ የትኛውን ፎልደር ከፍቶ እንደተመለሰ ብቻ ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ከተመለሰ ስሙ መቀየር አለበት።

በተደጋጋሚ የሚሠሩ ስህተቶች

በክፍል ስም መደርደር። «የሰው ሀብት»፣ «ፋይናንስ»፣ «ጠቅላላ አገልግሎት»። አዲስ ሠራተኛ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ አያውቅም። የክፍል ስም ሲቀየር ደግሞ ፎልደሩ ሁሉ ይቀየራል። የሚሠራው ጉዳይ ይሰየም።

«ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር። ከተፈጠረ ሁሉም እዚያ ይጥላል። ቦታ የሌለው ሰነድ ሲገኝ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና የት መሆን እንዳለበት ሁለት ሰው ጠይቁ።

የፍለጋ ቃል ማብዛት። እያንዳንዱ መስመር ላይ «ፈቃድ፣ ቅጽ፣ ሠራተኛ» ከገባ ማንኛውም ፍለጋ ሁሉንም ያመጣል። ቃሉ ያንን ሰነድ ከሌላው የማይለየው ከሆነ አይግባ።

ስካን የተደረገ ወረቀት በውስጡ ባለው ጽሑፍ ይገኛል ብሎ ማሰብ። ስካኑ ፎቶ ነው። ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ካላለፈበት ፍለጋው የሚያየው የፋይሉን ስምና ሺቱ ላይ የጻፋችሁትን ብቻ ነው። አሮጌ የታይፕ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ ፊደል ስለሚያሳስት በእጅ የተጻፈው የፍለጋ ቃል ይበልጣል።

ቴሌግራም ላይ በሐሽታግ መሃል ክፍት ቦታ መተው። «#የወሊድ ፈቃድ» ካላችሁ ሐሽታጉ «#የወሊድ» ላይ ይቆማል። «#የወሊድ_ፈቃድ» ይሁን። ባዶ «#ፈቃድ» ደግሞ በደረጃ 3 የተከለከለው ነው፤ ቻናል ላይም ይከለከል።

ያልተገኘውን አለመመዝገብ። ሺቱ ላይ «ፈልጌ ያጣሁት» የሚል ሁለተኛ ገጽ ክፈቱ፤ ሠራተኛው የጻፈውን ቃል ብቻ እዚያ ይተውላችሁ። በየወሩ መጀመሪያ ተመልከቱት። ሰነዱ ካለ ቃሉን ወደ ፍለጋ ቃል ዓምድ ውሰዱ። ከሌለና ሦስት ሰው ከጠየቀው ሰነዱ መዘጋጀት አለበት፤ ለሚመለከተው ኃላፊ የሰዎቹን ቃል እንዳለ አሳዩት።